ተስፋ የሌላት አክስቴ

በአያቴ ቤት ከአክስቴ ከቲርዛ በቀር ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ተወልዶ ነበር።

ይህን የሰማሁት ወደዚያ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ መከር ሲያበቃ በሚከበረው በምስጋና ቀን ማዕድ ላይ ነው። አያቴ ቄስ ጌርሳም ዊትኮም በሊጥ ተከድኖ የሚጋገረው የዶሮ ፓይ ከመቆረሱ በፊት ብድግ ይሉና የዘራችንን ሐረግ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ይወርዱታል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ያቤጽ ባሕር ተሻግሮ መጣ። ያቤጽም ኢካቦድን ወለደ፤ ኢካቦድም ናሆምን ወለደ...» እያሉ። እኛ ልጆቹ የቅቤውና የዱባው ሽታ እያወደን ምራቃችንን እየዋጥን እንቆማለን። ሰባት ትውልድ ነው፤ ሰባቱም ሰባኪ፤ አንዱም አይዘለል።

መጨረሻ ላይ የገዛ ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ለእያንዳንዱም ሁለት ዓመተ ምሕረት ይቆጠርለታል፤ ሺህ ስምንት መቶውን ትተው። «አሣሄል፣ በአሥራ ስምንት ተወለደ፤ በሠላሳ ሦስት ተስፋ አገኘ። ፊቢ፣ በሃያ አንድ ተወለደች፤ በሠላሳ አራት ተስፋ አገኘች። ኬቱራ፣ በሃያ ስምንት ተወለደች፤ በአርባ ሦስት ተስፋ አገኘች፤ ባለፈው መጋቢት በመልካም ተስፋ አረፈች።» ኬቱራ እናቴ ናት።

ከዚያ «ቲርዛ» ይላሉ። «በሠላሳ ሁለት ተወለደች።»

እዚያ ላይ ያቆማሉ። የሚቀጥሉ ይመስል አየር ይስባሉ፤ ግን አይቀጥሉም። ሰው ሁሉ ሳህኑን ያያል። ቲርዛ ብቻ ቀና ብላ መስኮቱን ታያለች። ከዚያ አያቴ ቁጭ ይላሉ፤ ቢላዋ ይነሳል።

ዊትኮም በአሜሪካዋ ኮኔክቲከት ትልቅ ስም ነበር። አጎቴ አሣሄል በትልቅ ከተማ የሚሰብክ፣ ሰው እሱን ለመስማት ቆሞ የሚውልለት ሰው ነበር፤ ባርነትን ሲያወግዝ በበሰበሰ እንቁላል ተደብድቦ ያንኑ ኮት ሳያጥብ በሚቀጥለው እሁድ ለብሶት ወጥቷል ይባላል። አክስቴ ፊቢ መጠጥ ቤት ደጃፍ ቆማ ስትጸልይ ሰካራሞቹ ራሳቸው ባርኔጣቸውን ያወልቁላት ነበር። የመንደራችን ሰዎች «እግዜር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጠረ፤ በሰባተኛው ቀን ዊትኮሞች ሊያርሙት ተነሡ» እያሉ ያሙን ነበር። ሐሜቱን ለአያቴ የነገራቸው ሰው ቢኖር «ታዲያ ማን ያርመው?» የሚሉ ይመስለኛል።

እኔ አክሳ ግን በአባቴ በኩል የመርከበኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ነበር፤ ሦስትና አራት ዓመት ባሕር ላይ ይቆያል። እናቴ ስትሞት እሱ የትኛው ውቅያኖስ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከዚያም ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ስለዚህ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከወደብ ከተማ ወደ አያቴ ቤት ተላክሁ፤ ቋንቋዬንም ይዤ ሄድሁ። በእኛ ሠፈር ተስፋ የሚባለው ቃል የሚነሳው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ስላልተመለሰ መርከብ ሲወራና ስለማይድን በሽተኛ ሲወራ። እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሐኪሙ ከክፍሏ ወጥቶ ለጎረቤታችን «ተስፋ የላትም» ሲላት በሩ ሥር ቆሜ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

እንግዲህ ቃሉን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር።

ያን ዓመት ያሳደገችኝ ቲርዛ ናት። ከወንድምና ከእህቶቿ ሁሉ ትንሿ እሷ ነበረች፤ አላገባችም፤ የአባቷን ቤት ትይዛለች። እጇ የዐመድ ሳሙና ይሸታል። ለሴት ልጅ ማፏጨት ነውር በሆነበት ቤት ልብስ ስታሰጣ ታፏጫለች፤ ፊቢ ስትመጣ ታቆማለች፤ ፊቢ ስትሄድ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ብርዱ ሲበረታ ጡብ በምድጃ አሙቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ እግሬ ሥር ታደርግልኛለች። ያ ሙቀት ከእግሬ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ እናቴን የምረሳው ይመስለኝና እፈራ ነበር።

ሊጥ ስትዳምጥ ጂኦግራፊ ታስተምረኛለች። የፓዩን ሊጥ በጣቷ እየጠፈጠፈች የአገራችንን ጠረፍ ትሠራለች። ወደ ታች ስትደርስ ቅሪቱን እየቆነጠረች ትበትነዋለች። «እነዚህ የካሮላይና ደሴቶች ናቸው። እዚህ ትናንት ባሪያ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ፊደል ይቆጥራሉ። ከአያቷ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የምትማር ልጅ አለች አሉ።»

«ማን ያስተምራቸዋል?»

«የሚሄድ ሰው» ትላለች፤ ደሴቶቹን ሰብስባ መልሳ ከሊጡ ጋር ትደፈጥጣቸዋለች።

እኔ ፓይ የምትሠራ ነበር የሚመስለኝ።

በሁለተኛው ዓመት መከር ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ብርድ ልብስ ሊሰፉ በእኛ ሳሎን ተሰበሰቡ። ጨርቁ በእንጨት ተወጥሮ እንደ ድንኳን ይሆናል፤ የኔ ሥራ ሥሩ ተቀምጬ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ወደ ላይ ማቀበል ነው። ከላይ ድምፅ፣ ከታች ጫማ። ሴቶቹን በጫማቸው ነበር የማውቃቸው። ሌሎቹ ቡና ሊጠጡ ወደ ወጥ ቤት ሲወጡ የፊቢ ጥቁር ጫማና የጎረቤታችን የወይዘሮ ስኪነር ሰፊ ጫማ ቀሩ።

«የቲርዛ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ» አለች ፊቢ። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያለ ተስፋ!»

«ፊቷ ላይ እኮ ምንም አይታይም። ስታፏጭ ያያት ሰው...»

«የሚያስፈራው እሱ አይደል? ሳያስታውቅ ነው የሚወስድሽ። ኬቱራስ ታማለች ብሎ የጠረጠረ ማን ነበር?»

«ኬቱራ እንኳን ተስፋ ነበራት። እንዲያው አባትሽ ምን ይላሉ?»

«አባባማ እየጸለዩ ነው። እስከ ምስጋና ቀን አንድ ነገር ካልሆነ ግን በቃ፣ አበቃ። የኮሚቴው ሰው ሊመጣ ነው። ኮሚቴ ደግሞ አይጠብቅም።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ሳልጮህ ጠባሁት። ተስፋ የነበራት እናቴ ከሞተች ተስፋ የሌላት ቲርዛ ምን ልትሆን ነው? ኮሚቴ የሚባለውንም ሬሳ ሊያወጣ የሚመጣ ሰው አድርጌ ቆጠርሁት።

ዛሬ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ልነግራችሁ እችላለሁ። በዚያ ቤት ቋንቋ «ተስፋ አገኘ» ማለት ሰውየው አንድ ቀን ልቡ ተሰብሮ፣ ጸጋ ደርሶልኛል ብሎ ያመነበትን ሰዓት በማኅበር ፊት ተናገረ ማለት ነው። «ድኛለሁ» ማለት ትዕቢት ስለሚሆንባቸው «ተስፋ አለኝ» ይሉ ነበር። ይህን ያልተናገረ ሰው እሁድ እሁድ ሌሎቹ ወደ ጌታ ማዕድ ሲቀርቡ አግዳሚው ላይ ብቻውን ይቀራል። ቲርዛ ያን ሰዓት ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣላትም። ሳይመጣ መጣ ማለት ደግሞ አልሆነላትም። ወደ ደቡብ መምህራን የሚልከው ማኅበር፣ ፊቢ ኮሚቴ ያለችው፣ ተስፋ የሌላትን ሴት አይልክም ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ለዚያ ሥራ ከእሷ የበለጠ ሰው አልነበረም፤ በሩ የተዘጋው ግን በእሷ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማላውቀው እኔ ቲርዛን ላድናት ተነሣሁ። ለቁርሴ የሚሰጠኝን እንቁላል በመሐረቤ ደብቄ ሳታየኝ ሳህኗ ላይ አደርግላታለሁ። ውርጭ በወረደ ጠዋት ወደ ውጭ እንዳትወጣ ጫማዋን የእንጨት ክምር ውስጥ ደበቅሁት፤ በአያቴ ጫማ እየተንሻፈፈች ዶሮዎቹን ልትመግብ ወጣች። በመጨረሻ ሐኪም ቱሊን ልጠራ ሮጥሁ። ሐኪም ቱሊ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የማይረግጥ፣ ትንባሆ የሚያኝክ፣ ፈረሱን እንደ ጓደኛ የሚያወራ ሰው ነበር።

«ማን ታመመ?» አለኝ ፈረሱን እየጫነ።

«አክስቴ ቲርዛ። ተስፋ የላትም።»

መጫኑን ተወና ዞሮ አየኝ። ቀስ እያለ በሳቅ ፈነዳ። «ቄሱ ናቸው የላኩሽ?»

«ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ለዚያ በሽታ መድኃኒት የለኝም። እኔም ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዞኛል፤ ይኸው አለሁ። አክስትሽን ሰላም በያት።»

እያለቀስሁ ተመለስሁ፤ ሰላምታውን ግን አደረስሁላት። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም፤ ያውም በሽታው እሱንም ይዞታል።

በዚያው ሳምንት ፖም እየላጥን ሳለ አላስችል ቢለኝ ጠየቅኋት። «አክስቴ፣ እውነት ተስፋ የለሽም?»

ቢላዋዋ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ያውቃል እንጂ» አለች ፈገግ ብላ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «እውነት ነው፣ የለኝም። የሌለኝን አለኝ ማለት ደግሞ አልችልም፣ አክሳዬ።»

«ያምሻል?»

አሰብ አደረገች። «ብዙውን ቀን አያመኝም። እሁድ እሁድ ነው የሚያመኝ።»

«የት ጋ?»

መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ። ሁሉም ተነሥተው ሲሄዱና እኔ ስቀር።»

እሷ የልቧን የምትሰማላት ልጅ አግኝታ ነበር። ለእኔ ደግሞ በሽታው ያለበት ቦታ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር አጠገቧ ተጠግቼ፣ ጆሮዬን ክንዷ ላይ ለጥፌ ልቧ መምታቱን አዳምጥ ነበር። እሷም ፍቅር መስሏት ታቅፈኛለች። ፍቅርም ነበር።

የምስጋና ቀን ደረሰ። አሣሄል ከነቤተሰቡ መጣ፤ ፊቢ መጣች። ከኒው ዮርክም አቶ ፕራት የሚባሉ፣ ቀይ ጉንጭ ያላቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው መጡ። የኮሚቴው ሰው እሳቸው መሆናቸው ሲነገረኝ ጥቁር ባለመልበሳቸው ገረመኝ። ለእኔ ከረሜላ ሰጡኝ፤ ጉንጬ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

አያቴ ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያቤጽ ባሕር ተሻገረ፤ ኢካቦድ ተወለደ። ስሞቹ እየወረዱ እየወረዱ ሲመጡ እኔ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። አሣሄል። ፊቢ። እናቴ። በመልካም ተስፋ አረፈች።

«ቲርዛ፣ በሠላሳ ሁለት ተወለደች።»

ቆሙ። አየር ሳቡ። አቶ ፕራት አንገታቸውን ደፉ።

«አትሞትም!» ብዬ ጮህሁ። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ። ሮጬ ሄጄ አንገቷ ላይ ተጠመጠምሁ። «ተስፋ የላትም አትበሏት! እናቴንም እንደዚህ ብለዋት ነው የሞተችው! እንዳይወስዷት! አልሰጥም!»

«ይህች ልጅ ምን ነካት?» አለች ፊቢ።

ቲርዛ ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። «እንቁላሉ!» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ጫማዬ! ሐኪም ቱሊም... ወይኔ ልጄን፤ ለካ ለዚህ ነው?»

ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

«አክሳ፣ እዪኝ። ተስፋ አለኝ። ሰማሽኝ? ተስፋ አለኝ። የትም አልሄድም።»

ከዚያ ፊቢ አፏን በእጇ ያዘች። «አለች! ተስፋ አለኝ አለች!» አሣሄል በዚያ አዳራሽ በሚሞላ ድምፁ መዝሙር ጀመረ፤ ልጆቹ ተከተሉት። የመጨረሻዋን ቃል፣ «የትም አልሄድም» ያለችውን፣ ከእኔ በቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም።

አቶ ፕራት ተነሥተው የአያቴን እጅ ጨበጡ። «እንኳን ደስ ያለዎ፣ ቄስ ዊትኮም። እንግዲህ እኔ የመጣሁበት ጥያቄ በገዛ ማዕድዎ ላይ ተመለሰ ማለት ነው?»

ቲርዛ ቀና አለች። «አቶ ፕራት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አሁን ያልሁት ለልጅቷ...»

«ቲርዛ» አሉ አያቴ።

«አባባ፣ እውነቱን ልናገር።»

«ተቀመጪ፣ ልጄ። የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

አያቴ ሃምሳ ዓመት ሰብከዋል። በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቃል አጣመሙ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ፈረስ ሲሸጡ እንኳን የፈረሱን ዐመል ሁሉ ነግረው ገዢውን የሚያባርሩ ሰው ነበሩ። ቆመው ቲርዛን አዩአት። ሰው ሰፊ ወንዝ ማዶ ያለ ዘመዱን እንደሚያይ ነበር ያዩአት።

«ልጄ ተስፋ አለኝ ስትል በሁለቱም ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ። «እናንተም ሰምታችኋል። ይህች ልጅ ደግሞ ከተወለደች ጀምሮ ዋሽታ አታውቅም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቲርዛ፣ በሠላሳ ሁለት ተወለደች፤ በስልሳ ስድስት ተስፋ አገኘች።»

ፓዩን ለመቁረጥ ቢላዋውን አነሡና ለአሣሄል አቀበሉት። እሱ ቆረሰው። እኔ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ጨምሬ በላሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ቲርዛ ሳህኗን አልነካችም። ጤና ሲመለስ መጀመሪያ ምግብ እንደማያሰኝ ስለማውቅ ምንም አልመሰለኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ሣጥን ወረደ። ቲርዛ ቀሚሶቿን ታጥፋለች፤ እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ። ወደ ደሴቶቹ ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ፤ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፤ ሦስት ጊዜም እሺ አልሁ። በሽተኛ ከዳነ በኋላ አየር ሊለውጥ ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። ባቡር ጣቢያው ላይ ሁሉም ሲያለቅስ ያላለቀስሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ፊቢ «ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ልጅ ናት!» አለች። ቲርዛ ደጋግማ ሳመችኝ፤ የምትለው ነገር ያላት ይመስል ቆየች፤ ከዚያ ሣጥኗን ተከትላ ገባች። ባቡሩ ከታጠፈ በኋላም እጄን አወዛውዝ ነበር።

በጋው መጣ፤ አልተመለሰችም። ሌላም በጋ መጣ። ደብዳቤዎቿ ይመጣሉ፤ ስለ ፊደልና ስለ ማዕበል፣ ስለ ሽማግሌ ተማሪዎቿ። «መቼ ትመጫለሽ?» ብዬ ስጽፍላት መንገዱ ሩቅ ነው፣ ትምህርቱ አይቋረጥም ትለኛለች። ማታ ማታ ጡቡን የሚያሞቅልኝ አልነበረም። ራሴ ማሞቅ ተማርሁ፤ ግን ራስህ ያሞቅኸው ጡብ ቶሎ ይበርዳል። እንደ እሷ ላፏጭ ሞክሬ አፌ እምቢ ይለኝ ነበር። ሰው ሳይሞት ይህን ያህል እንደሚናፈቅ አላውቅም ነበር።

በአሥራ አራት ዓመቴ አዲሱ ሰባኪ ከተሰለፉት ልጆች ፊት አቁሞ «አክሳ፣ ተስፋ አለሽ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው ቃሉ የተገለጠልኝ። ሰባኪው የልብ መሰበር መስሎት ደስ አለው። እኔ ግን እያሰብሁ የነበረው እንቁላሉንና የተደበቀውን ጫማ፣ «ለልጅቷ...» ብላ የጀመረችውን ቃል ነበር። ሮጬ ወደ አያቴ ሄድሁ። ዘጠና ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ነበሩ፤ ፖም ዛፉ ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

«አያቴ፣ ቲርዛ ያን ቀን የተናገረችው ስለ ነፍሷ አልነበረም። አልሞትም ለማለት ነው። ለእኔ ነው ያለችው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያኔም ያውቁ ነበር?»

«ያረጀው እግሬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«ታዲያ ውሸት አይደለም?»

«ከተናገርሁት ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ሐሰቱ ያለው ሳላስጨርሳት በመቅረቴ ነው። ስለ እሱ ሂሳብ የምተሳሰበው ካንቺ ጋር አይደለም።» ዱላቸውን አሹ። «ከልጆቼ ሁሉ ውሸት የማትችለው እሷ ነበረች። በሩን የዘጋባትም ያው እውነተኛነቷ ነው። እያየሁ መቀመጥ አልቻልሁም።»

ይህን ሰምቼ ለአያቴ ያለኝ ፍቅር በረታ። በቲርዛ ላይ ግን ሆዴ ባሰ። አያቴ ለእሷ ሲሉ ሃምሳ ዓመት የጠበቁትን ከሰጡ፣ እሷ ለእኔ የሰጠችኝን አንዲት ቃል እንዴት አልጠበቀችም? የትም አልሄድም ብላኝ አልነበረም? ከዚያ ወዲያ ለደብዳቤዎቿ የምመልሰው በዓመት አንዴ ሆነ፤ እሱም ስለ አየር ጠባይ ነበር።

ያጎቴ ልጅ ያሳተመው የዊትኮሞች የትውልድ መጽሐፍ ባለፈው ዓመት ደርሶኛል። ወፍራም ነው፤ በወርቅ ተጽፎበታል። ስለ ቲርዛ ሦስት መሥመር አለ፤ መቼ እንደተወለደች፣ መቼ ተስፋ እንዳገኘች፣ ዘር ሳትተው እንደሞተች። እዚህ ደሴቱ ላይ ለተማሪዎቼ ባነብላቸው የመጨረሻዋን ሲሰሙ ሳቁ። የግማሾቹ እናት ወይም አክስት ቲርዛ ትባላለች፤ አያቶቻቸው በእሷ ስም የሰየሟቸው ናቸው።

አያቴን በቀበርን ዓመት፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ወደዚህ መጣሁ። ቲርዛን ይዤ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ከአሁን ወዲያ ምክንያት የላትም ብዬ። ከጀልባው ስወርድ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ፀጉሯ የሸበተ ቀጭን ሴት ቆማለች። ከኋላዋ ያሉት ልጆች ሁሉ «አክስቴ ቲርዛ፣ አክስቴ ቲርዛ፣ መጣች!» ይላሉ። አክስቴ! ያን ስም የምጠራት እኔ ብቻ መስሎኝ ኖሬ ነበር። ቅናት ይዞኝ ሰላም ሳልላት ዘወር አልሁ።

አመሻሹ ላይ ደጃፏ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ነይ እንሂድ አልኋት። አልችልም አለች። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት የያዝሁት ገንፍሎ ወጣ።

«የትም አልሄድም ብለሽኝ ነበር። በሁሉ ሰው ፊት። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ትተሽኝ ሄድሽ!»

ስትናገር ድምፅዋ ያው የድሮው የወጥ ቤት ድምፅ ነበር።

«በማግስቱ ጠዋት አባባ ጽሕፈት ክፍል ገባሁ። ውሸት ነው አልኋቸው፤ አውቃለሁ፣ ሂጂ አሉኝ። እንግዲያው አክሳን ይስጡኝና ልሂድ አልሁ። የልጅ ልብስሽን ሁሉ አጥፌ ጠቅልዬ ነበር ክፍላቸው የገባሁት።»

«እሳቸውስ?»

«ሲለምኑ አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ለመኑኝ። ‹ኬቱራን ሞት ወሰዳት፤ አንቺን እኔው በአፌ ሰደድሁሽ። ይህችን ተዪልኝ› አሉኝ።» እጇን በእጇ አሸች። «እሺ አልሁ።»

«ለምን አልጻፍሽልኝም?»

«ብጽፍልሽ እሳቸውን ትጠያቸው ነበር። ካንቺ ሌላ ማን ነበራቸው?»

«አንድ ጊዜ እንኳን መጥተሽ ብታዪኝ!»

«ባይሽ ይዤሽ እመለስ ነበር። ቃል ሰጥቼ ነበራ።»

ያኔ ባቡር ጣቢያው ላይ ያላለቀስሁትን አለቀስሁ፤ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ለቅሶ፣ አፍንጫም እንባም። አላባበለችኝም። ስጨርስ መሐረቧን ሰጠችኝ።

«ስንት ቀን ትቆያለሽ?»

«ሳምንት» አልሁ።

«ሳምንት» አለች፤ ተነሥታም ገባች። ዘግየት ብዬ ብገባ ወገቧን ጎንበስ አድርጋ አልጋዋን ወደ ግድግዳው እየገፋች ነበር፤ ሁለተኛ አልጋ የሚያስገባ ቦታ ልታስለቅቅ።